አሞራው ሲጠፋ ማን ያጸዳልን?

እስቲ የፋሲካን ማግስት ጠዋት አስታውሱ። ቅርጫው ታርዷል፤ ሥጋው በየመደቡ ተከፋፍሏል፤ ቆዳውንም የሚገዛው ሰው መጥቶ ወስዶታል። ፈርሱና የማይበላው የሆድ ዕቃስ የት ሄደ? እኛ በምንኖርበት በጎሮ አካባቢ መልሱን ለማወቅ ብዙ መሄድ አያስፈልግም። ገና ቤት ባልተሠራበት ባዶ ቦታ ላይ፣ በወንዙ ዳር፣ በመንገዱ ጠርዝ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ተጥሎ ታገኙታላችሁ።

እንዲህ ያለውን ጠዋት ቀድሞ የሚጠብቀው አሞራ ነበር። በየጣራውና በየባሕር ዛፉ ላይ ተደርድሮ ፀሐይዋ ሞቅ እስክትል ይቆይና ወርዶ በአንድ ቀን ጠርጎት ይሄዳል። ዛሬ ከረጢቱን ቀድሞ የሚቀደው ውሻ ነው። ማታ ማታ በየመንገዱ በቡድን ሲጮሁ የምትሰሟቸው፣ ጠዋት ልጆቻችሁን ወደ ትምህርት ቤት ስትሸኙ ድንጋይ እንድታነሡ የሚያስገድዷችሁ እነዚያው ውሾች!

ስለ ትዳርና ስለ ልጆች አስተዳደግ በሚነበብ መጽሔት ላይ አሞራ ምን አመጣው የምትሉ አትጠፉም። እባካችሁ ጥቂት ታገሡኝ። ነገሩ ከልጆቻችን ጤና ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

አሞራ ስንል የትኛውን ነው?

አብዛኞቻችን ሁሉንም "አሞራ" ብለን እናልፋቸዋለን። ነገር ግን ቀና ብሎ ለሚያይ ልዩነታቸው ብዙ ነው። ከልካንዳ ቤት ወጥታችሁ በፌስታል የያዛችሁትን ሥጋ ከእጃችሁ ሊነጥቅ የሚወረወረው፣ ጭራው እንደ ሹካ የተሰነጠቀው፣ ቡናማው ወፍ ጭልፊት ነው። ይህ በከተማችን አሁንም አልጠፋም። ከእርሱ ተለቅ የሚለው፣ ፊቱ ላባ የሌለውና ቀላ ያለ፣ ከአንገቱ በላይ ቆብ ያጠለቀ የሚመስለው ደግሞ ከሰው መኖሪያ የማይርቀው ትንሹ ጥንብ አንሳ ነው። ጆፌ አሞራ የምንላቸው ትልልቆቹ በገደል ላይ ጎጆ ሠርተው በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር እየበረሩ ሬሳ ይፈልጋሉ። በሰሜን ተራሮች ደግሞ አጥንት ይዞ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ዐለት ላይ ጥሎ እየሰበረ መቅኑን የሚበላ ጢማም አሞራ አለ። ንስር፣ ጉጉትና ሌሎችም ሥጋ በል ወፎች የዚሁ ወገን ናቸው።

ስለ ንስር ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ከመድረክ ደጋግመን የምንሰማት ታሪክ አለች፤ ንስር አርባ ዓመት ሲሞላው ተራራ ላይ ወጥቶ መንቁሩን በዐለት ሰብሮ፣ ላባውን ነቅሎ፣ ከወራት ጾም በኋላ እንደገና ወጣት ይሆናል የምትለዋ። ደስ ትላለች፤ እውነት ግን አይደለችም። መንቁሩ የተሰበረ ንስር በረኀብ ይሞታል። የንስር ላባ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እየረገፈ ይተካል፤ መታደሱ ይህ ነው። እንዲያውም በብሉይ ኪዳን "ንስር" ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጡ ቃል "ነሼር" ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት መላጣውን ጥንብ አንሳንም የሚያጠቃልል ነው። ነቢዩ ሚክያስ በምዕራፍ 1 ቁጥር 16 ላይ የራስ መላጣነትን ከዚህ ወፍ ጋር ማመሳሰሉ ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ በየግድግዳችን የምንሰቅለውና ከጣራችን ላይ "እሽ!" ብለን የምናባርረው ወፍ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

ክንፋቸውስ ቢሆን የሚናቅ ነው? እ.ኤ.አ. ኅዳር 1973 በምዕራብ አፍሪካ በአቢጃን ሰማይ ላይ አንድ አውሮፕላን በ11,300 ሜትር ከፍታ ላይ ከወፍ ጋር ተጋጨ። ላባው ሲመረመር የጥንብ አንሳ ሆኖ ተገኘ፤ በእኛም አገር ገደሎች ላይ ከሚኖረው ዓይነት! ያ ከፍታ ከራስ ዳሽን ጫፍ ሁለት እጥፍ ይበልጣል።

ሆዱ ውስጥ ያለው

የጥንብ አንሳ ትልቁ ስጦታ ግን ክንፉ ሳይሆን ጨጓራው ነው። በውስጡ ያለው አሲድ እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ እኛን የሚገድሉንን ብዙ ተሕዋስያን አቃጥሎ ያጠፋል። አባ ሰንጋ የገደለውን ከብት በልቶ ምንም ሳይሆን ይበራል። ውሻ ወይም አይጥ ተመሳሳዩን ሬሳ ሲበላ ግን በሽታውን ተሸክሞ ወደ ሰፈር ሊመለስ ይችላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ብርቱ የሆነው ፍጥረት ለምን ይጠፋል? አንደኛው ምክንያት ልጅ የሚያሳድግበት መንገድ ነው። ጥንብ አንሳ እንደ ዶሮ አይራባም። ለአቅመ መውለድ ለመድረስ አምስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከዚያም በኋላ ባብዛኛው በዓመት የሚጥለው እንቁላል አንድ ብቻ ነው። አባትና እናት ተፈራርቀው ታቅፈው፣ ጫጩቱን ለወራት መግበው ነው አንዱን የሚያሳድጉት። ስለዚህ በአንድ ቀን መቶ አሞራ የሞተ እንደሆነ ለመተካት ብዙ ዓመት ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዓይነቶችን "በጣም አስጊ" ወደሚለው የመጨረሻ የአደጋ መደብ አወረዳቸው። ከዚህ መደብ ቀጥሎ ያለው ከዱር መጥፋት ነው። አራቱም በአገራችን የሚኖሩ ናቸው፤ ያ ቆብ ያጠለቀ የሚመስለው የሰፈራችን አሞራም አንዱ ነው። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ በ26 የአፍሪካ አገሮች የተመዘገበ ከ7,800 በላይ የጥንብ አንሳዎች ሞት መርምሮ 61 በመቶ የሚሆነው በመርዝ መሆኑን አሳየ። 29 በመቶው ለባህል መድኃኒትና ለጥንቆላ ተብሎ የተገደለ ነው። 9 በመቶው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሰለባ ነው።

መርዙ የተዘጋጀው ለሌላ ነው

ልብ በሉ፤ ብዙ ጊዜ መርዙ የሚቀመጠው ለአሞራው ተብሎ አይደለም። አርብቶ አደሩ ጥጃውን የበላበትን ጅብ ወይም አንበሳ ለመበቀል በሬሳው ላይ መርዝ ይነሰንሳል። ጅቡ ይምጣ አይምጣ አይታወቅም፤ አሞራው ግን ከሰማይ ሆኖ ቀድሞ ያያል። አንዱ ሲወርድ ሌላው እርሱን አይቶ ይከተላል፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ይሰበሰባሉ። በአንድ ሬሳ ዙሪያ ሁሉም ያልቃሉ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2019 በቦትስዋና በሦስት የተመረዙ የዝሆን ሬሳዎች ዙሪያ 537 ጥንብ አንሳዎች ሞተው ተገኝተዋል።

በከተማም የምናውቀው አሠራር አለ። ባለቤት አልባ ውሾች ሲበዙ ሥጋ ውስጥ መርዝ ተደርጎ ማታ በየመንገዱ ይጣላል፤ ጠዋት ሬሳቸው ይሰበሰባል። ያልተሰበሰበው በየጥጋጥጉ ይቀራል። የቀረውን የሚበላው ማን ነው? አሞራው ነው። እንግዲህ ሬሳ እንዲያጸዳልን የምንፈልገውን ወፍ ራሱን ገድለነዋል ማለት ነው። ውሾቹስ አለቁ? በፍጹም! የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ እንደሚናገረው ውሻ በመግደል የእብድ ውሻ በሽታን መቆጣጠር አልተቻለም። ክፍት የቀረውን ሰፈር ከሌላ ቦታ የመጡ ያልተከተቡ ውሾች ይሞሉታል። በሽታውን የሚቆርጠው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ የሚሆኑትን መከተብ ነው።

የአይጥ መርዝም እንዲሁ ነው። ብዙው የአይጥ መርዝ አይጧን ወዲያው አይገድልም፤ ደሟ እንዳይረጋ አድርጎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው የሚጥላት። በእነዚያ ቀናት እየተንገዳገደች የምትሄደውን አይጥ ጉጉት ይይዛታል፤ መርዙም ወደ እርሱ ይተላለፋል። ጉጉት ደግሞ በእኛ ዘንድ ሌላም ጠላት አላት። ጣራ ላይ ከጮኸች ሰው ይሞታል እየተባለ በድንጋይ ትባረራለች። እኅቶቼ፣ ሞትና ሕይወት በማን እጅ እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ አይጥ ስትለቅምልን የምታድር ወፍ ልንፈራ አይገባንም።

ከህንድ የምንማረው

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ጥቂት ወደ ህንድ ልውሰዳችሁ። በዚያ አገር በአብዛኛው ላም አትታረድም፤ የሞተውን ከብት በሙሉ የሚያነሡት አሞሮች ነበሩ። ቁጥራቸውም በአሥር ሚሊዮኖች ይገመት ነበር። በ1990ዎቹ ማለቅ ጀመሩ። በአንዱ ዓይነት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ የታየው ቅናሽ 99.9 በመቶ ነው! ከሺሕ አንድ ቀረ ማለት ነው። መጀመሪያ ወረርሽኝ መስሏቸው ብዙ ለፉ። በ2004 በፓኪስታን የሞቱ አሞሮችን የመረመሩ ሳይንቲስቶች ምክንያቱን አገኙት፤ ዲክሎፌናክ።

አዎን፣ ወገባችሁን ሲያምማችሁ ከፋርማሲ የምትገዙት ያው የሕመም ማስታገሻ! ለሰው ይጠቅማል፤ ለከብትም ሕመም ይሰጥ ነበር። መድኃኒቱን በወሰደ በጥቂት ቀን ውስጥ የሞተ ከብት ሥጋ ግን የአሞራውን ኩላሊት ያቆመዋል። ከሬሳዎቹ ሁሉ ይህ መድኃኒት ያለባቸው ከመቶ አንድ እንኳ ባይሞሉ ለእልቂቱ በቂ እንደነበሩ ተሰልቷል። ህንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉት። ሰዎች ግን ለሰው የተዘጋጀውን ትልቁን ብልቃጥ እየገዙ ለከብት መስጠት ቀጠሉ። በዚህም ምክንያት ህንድ በ2015 ብልቃጡ ከ3 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ደነገገች።

አሞሮቹ ሲያልቁ ሬሳው የውሻ ሆነ። ውሾቹ በሚሊዮን ተራቡ። በ2008 የታተመ አንድ ስሌት በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2006 ድረስ ወደ 48,000 የሚጠጉ ተጨማሪ ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ መሞታቸውን ገምቷል። በ2024 የወጣ የምጣኔ ሀብት ጥናት ደግሞ የውኃ ብክለቱንና ሌላውንም ሁሉ ጨምሮ ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደሞተ አስልቷል። አሞራ በመጥፋቱ!

ይህን ካነበብኩ በኋላ ወተት የምንገዛቸውን እናት ጠየቅኋቸው። እዚሁ በጎሮ አካባቢ አራት ላሞች አሏቸው።

"እትዬ፣ ላሚቱ ጡቷ አብጦ ሲያማት ምን ይሰጧታል?"

"ሐኪም ነው የምንጠራ የኔ ልጅ። እሱ ከጠፋ ደግሞ ከሰው ፋርማሲ የሕመም መርፌ አስገዝተን እናስወጋታለን። ምን እናድርግ?"

"ከሞተችብዎትስ?"

"እንግዲህ ወደ ሜዳ ነዋ የምትጎተተው። ሌሊቱን ጅቡ፣ ቀኑን ውሻው..."

የመርፌውን ስም አያስታውሱም። ብዙ ሰውም አያስታውስም። ነገር ግን የከብት ሐኪሙን "ሜሎክሲካም አለህ ወይ?" ብሎ መጠየቅ አስቸጋሪ አይደለም። ይህ መድኃኒት ለሕመሙ የሚሠራ ሲሆን ለአሞሮችም ጉዳት እንደሌለው በሙከራ ተረጋግጧል። ከሰው ፋርማሲ የተገዛ ዲክሎፌናክ ግን ለላም አይሰጥ። ላም ያላችሁ፣ ወይም ላም ያለው ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ይህችን አንዷን ነገር ብትነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

እኛ ጋ ምን እየሆነ ነው?

ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 ድረስ በአገራችን ቄራዎች ላይ የሚያርፉትን ጥንብ በሎች ቆጥረዋል። ውጤቱ የህንዱን መጀመሪያ ይመስላል። ጆፌዎቹ በእጅጉ ቀንሰው ውሾቹ በዝተው ተገኝተዋል። ለዚህም ነው የፋሲካን ማግስት ከረጢት ውሻ ቀድሞ የሚቀደው ያልኳችሁ።

እናቶች፣ አሁን የምለውን ለብቻው አንብቡት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ደግሞ 40 በመቶ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ልጅ ሲነከስ ቁጣ ፈርቶ ሊደብቅ ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ "ውሻ ከነከሰህ ንገረኝ፤ አልቆጣህም" በሉት። ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ "ፓስተር" የምንለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለረጅም ዓመታት የዚህ ክትባት ቤት ሆኖ ኖሯል። ምልክቱ ባብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚመጣ "ይኸው ደኅና ሆኖ የለ" ብላችሁ አትዘናጉ።

አንዳንዶች ልጁን ይዘው መጀመሪያ የሚመጡት ወደ እኛ ቤት፣ ወደ አገልጋይ ቤት ነው። ይጸለይለት፤ እንጸልያለን። ግን በታክሲ ውስጥ፣ ወደ ጤና ጣቢያው እየሄድን! ሁለቱን የሚያጣላ ሰው ካለ መጽሐፉን በደንብ አላነበበውም።

ከበረዶ አገር የሚመጣው እንግዳ

ከአገራችን አሞሮች አንዱ ነጭ ላባና ቢጫ ፊት ያለው፣ በክረምት ከቡልጋሪያና ከግሪክ ድረስ የሚመጣ ነው። የሜዲትራኒያንን ዳርቻ ዞሮ፣ ቀይ ባሕርን ይዞ ወደ አፋር ይወርዳል። በአፋር ክልል በአንድ ክረምት ከ1,000 የሚበልጡ ተቆጥረዋል። በባልካን አገሮች ግን በ1980ዎቹ ከ600 ጥንድ በላይ የነበረው ዛሬ ወደ 50 ጥንድ ገደማ ወርዷል።

በመንገዱ ላይ ትልቁ ወጥመዱ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። አሞራው ክንፉ ሰፊ ስለሆነ ምሰሶ ላይ ሲያርፍ ሁለት ሽቦ፣ ወይም ሽቦውንና የብረት መስቀያውን በአንዴ ይነካል፤ ያን ጊዜ ይቃጠላል። በሱዳን ከፖርት ሱዳን የሚነሣ አንድ መስመር ከ1950ዎቹ ጀምሮ እጅግ ብዙ እንዲህ ያሉ አሞሮች ሲገድል ኖሮ በመጨረሻ በ2014 ከአገልግሎት ወጥቷል። በእኛም አገር የእንጨት ምሰሶ በኮንክሪትና በብረት በተተካ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ደስ የሚለው ግን እ.ኤ.አ. ከ2017 በኋላ በአሥራ አራት አገሮች በተካሄደ ፕሮጀክት ውስጥ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ በአፋር አደገኛ የሆኑ ምሰሶዎችን የሽፋን መከላከያ ማልበስ መቻሉ ነው። ማኅበሩ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ሽቦው ከምሰሶው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ የፕላስቲክ ሽፋን ማድረግ ነው።

ሌሎችም ጠንቆች አሉ። የወባ ትንኝ ለመግደል ለረጅም ዓመታት የተረጨው ዲዲቲ በዓሣ በኩል እያለፈ ዓሣ በል ወፎች ውስጥ ይከማቻል፤ የእንቁላላቸውንም ቅርፊት ያሳሳል። ከ2021 ጀምሮ ዓለምን ያዳረሰው የወፍ ጉንፋንም በአሜሪካ ብዙ ንስሮችን ገድሏል።

ታዲያ ፈርሱን የት እንጣለው?

አሁን አንዲት እኅት "እንግዲያው ለአሞራው ብለን ሜዳ ላይ መጣላችንን እንቀጥላ!" ትለኝ ይሆናል። አይደለም። በተለይ በጎሮ አይደለም። ቀና ብላችሁ እዩ፤ የቦሌ አውሮፕላኖች በራሳችን ላይ ነው የሚያልፉት። እ.ኤ.አ. መስከረም 1988 ከባሕር ዳር የተነሣ የአገራችን አውሮፕላን ሞተሮቹ ርግቦች ገብተውባቸው ወድቆ 35 ሰዎች ሞተዋል። ርግብ ይህን ካደረገች ስድስት ሰባት ኪሎ የሚመዝነው ጆፌ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት ነው። በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ሥጋ መጣል ለአሞራውም ለተሳፋሪውም ክፉ ነው።

ስለዚህ በመኖሪያ ሰፈር የቅርጫው ፈርስና የሆድ ዕቃ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ኖራ ተነስንሶበት ይቀበር፤ ውሻ የሚበላው ካጣ አይራባም። በአንዳንድ ቅርጫ ላይ ቢላዋ ስለሚስለው፣ ድንች ስለሚልጠው ሰው ሁሉ ይታሰብና ስለ ጉድጓዱ ማንም አያስብም። የጉድጓድ ቆፋሪው ዋጋ ከበሬው ዋጋ ላይ ተደምሮ ቢከፋፈል በአንድ መደብ የሚጨምረው ትንሽ ነው።

አሞራው ደግሞ የራሱ ቦታ ያስፈልገዋል። ከከተማ ርቆ፣ ታጥሮ፣ ውሻ የማይገባበት፣ መርዝና ዲክሎፌናክ የሌለበት ሥጋ የሚቀርብበት ቦታ። ኔፓሎች ይህን በ2006 ፒታውሊ በምትባል መንደር ጀመሩት። ያረጁ ላሞችን ሰብስበው፣ እስኪሞቱ ድረስ እየተንከባከቡ፣ ሲሞቱም ለአሞሮቹ ያቀርባሉ። ጎብኚ ይመጣል፤ መንደሩም ገቢ ያገኛል። የአሞሮቹም ቁጥር ማገገም ጀምሯል። ቄራዎቻችን ዘመናዊ እየሆኑ፣ ተረፈ ምርቱም እየተዘጋበት ሲሄድ፣ ይህ መደረጉ መልካም ሆኖ ሳለ አሞራው የሚበላው እንዳያጣ እንዲህ ያለ ቦታ አብሮ ቢታሰብ የሚከብድ አይመስለኝም። አገራችን የተሳተፈችበት የተሰዳጅ እንስሳት ስምምነት በ2017 በማኒላ ያጸደቀው የጥንብ አንሳዎች የድርጊት መርሐ ግብርም መርዝን፣ የከብት መድኃኒትንና የኤሌክትሪክ መስመርን በግንባር ቀደምነት ያነሣል።

ልጆቻችሁ እነዚህን ወፎች በቅርብ እንዲያዩ ከፈለጋችሁ ወደ ደብረ ሊባኖስ ገደል ውሰዷቸው። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ረፋድ ላይ አየሩ ሲሞቅ ጆፌዎቹ ከገደሉ ሥር ይነሡና ከቆማችሁበት በታች ያልፋሉ፤ አሞራን ከላይ ወደ ታች ማየት ለልጅ ቀርቶ ለአዋቂም ያስደንቃል።

ሬሳ ዙሪያ ብዙ አሞሮች ሞተው ብታገኙ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ልጆችንና ውሾችን አርቁ፤ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ለዱር እንስሳት ባለሥልጣን አስታውቁ። እዚያው ያለው ሬሳ ካልተቀበረ ወይም ካልተቃጠለ መግደሉን ይቀጥላልና።

ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ዓለም አቀፍ የጥንብ አንሳዎች ቀን ይከበራል። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ መጨረሻ ወይም ጳጉሜ መግቢያ ላይ ይውላል፤ ለእንቁጣጣሽ በግ የሚታሰብበት፣ የቅርጫው አባላትም ገንዘብ የሚያዋጡበት ሳምንት ነው። ጉድጓዱ የት ይቆፈር የሚለውን ያን ጊዜ አንሡት።